ጠያቂው ነገ ይሄዳል

እስቲ ቡናው እስኪፈላ አንድ የመንገድ ወሬ ላጫውትዎ።

ብቻውን መንገድ የወጣ ሰው የትም አገር ቢሆን ምክንያቱን ይጠየቃል። «ለቅሶ ልደርስ ነው፣ ሠርግ ተጠርቼ ነው፣ ዘመድ ልጠይቅ ነው» ካለ መንገዱ ጨርቅ ይሆንለታል። «ዝም ብዬ አገር ላይ፣ ያገኘሁትን ሰው ላናግር ነው» ያለ ግን ወዲያው ዓይን ይበዛበታል። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ስታይንቤክ ይህን ያውቅ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1960 አገሩን ሊዞር ሲነሳ ጠመንጃና የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መኪናው ላይ ጫነ። የማደን ሐሳብ አልነበረውም። አዳኝ ወይም ዓሣ አጥማጅ የመሰለን መንገደኛ ግን «እዚህ ምን ልታደርግ መጣህ?» ብሎ የሚያፋጥጠው የለም፤ እንዲያውም «ይቅናህ» ብሎ የሚሸኘው ነው የሚበዛው።

ሰውየው ያን ጊዜ 58 ዓመቱ ነው። ከመሬታቸው ተነቅለው ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ገበሬዎችን ታሪክ የተረከበትን «ዘ ግሬፕስ ኦፍ ራዝ» የተባለ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1939 ካሳተመ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስሙ ገንኗል፣ ኑሮው ኒው ዮርክ ሆኗል፣ ጤናው ግን መታወክ ጀምሯል። ስለ አሜሪካ እየጻፈ አሜሪካን በቅርብ ካያት ቆይቷል። የሚጽፈው ከትዝታው እየቀዳ ነው፤ ትዝታ ደግሞ እየዋለ ሲያድር ይዛነፋል። ይህ ነገር ሕሊናውን ቆረቆረው። በዚህ ዕድሜና በዚህ ጤና ሚስቱን ኢሌይንን ቤት ትቶ «ብቻዬን እሄዳለሁ» ማለቱ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

አዲስ ጂ.ኤም.ሲ. ፒክአፕ ገዛ። በጀርባዋ ላይ ካምፐር የሚባለውን ተገጣሚ ቤት አስቀመጠባት። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አለው። ስሟን «ሮሲናንቴ» አላት፤ በስፔናዊው ሰርቫንቴስ ድርሰት ውስጥ ዶን ኪሆቴ የሚጋልበው ከሲታ ፈረስ ስም ነው። ለአጃቢነት ቻርሊ የተባለ፣ ፈረንሳይ አገር የተወለደ፣ ዕድሜው የገፋ ፑድል ውሻውን ያዘ። ልብስ የሚያጥብበት ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። ክዳን ባለው ትልቅ ባልዲ ውስጥ ውሃ፣ ሳሙናና ልብሱን ከትቶ በላስቲክ ገመድ ያንጠለጥለዋል። መኪናዋ ቀኑን ሙሉ ስትናጥ ልብሱም አብሮ ሲታሽ ይውላል፤ ማታ ማለቅለቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

የተነሳው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 1960፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 13 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ሳግ ሃርበር ከምትባል የሎንግ አይላንድ ከተማ ነው። ጊዜውን ልብ ይበሉልኝ። ጆን ኬኔዲና ሪቻርድ ኒክሰን ለፕሬዚዳንትነት የሚፎካከሩበት ወቅት ነው። ስታይንቤክ በተነሳ በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ቺካጎ ላይ በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተከራከሩ። አገር ሁሉ ቲቪ ላይ ባፈጠጠበት ሰሞን እሱ ከሰው አፍ ሊሰማ መንገድ ገባ። እኔን ወደዚህ ጉዞ ደጋግሞ የሚመልሰኝ ይህ ነው። ደራሲ፣ በዚያ ላይ ታዋቂ ደራሲ፣ ስሙን ደብቆ ከማያውቀው ሰው ጋር ፖለቲካ ሊያወራ አሥር ሺህ ማይል ገደማ ነዳ። ምን ሰማ?

ከካምፐሩ ልጀምር። ካምፐር ለጨዋታ የሚሰጠው ትልቅ ነገር ደጅ ነው። ሆቴል ያደረ መንገደኛ ሰው የሚጋብዝበት ደጅ የለውም። ስታይንቤክ ግን በሄደበት ሁሉ እንግዳም ነበር፣ ጋባዥም ነበር። በሰሜን ጫፍ ባለችው በሜይን ግዛት፣ አሩስቱክ በተባለው የድንች አገር፣ ከካናዳ ድንበር ተሻግረው ለድንች ለቀማ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ሰፍረው አገኘ። ዘው ብሎ አልገባባቸውም። አስቀድሞ ቻርሊን ላከ። ውሻው ሰፈራቸው ገብቶ ከተዋወቀ በኋላ ባለቤቱ «ይቅርታ፣ ውሻዬ አስቸገራችሁ» እያለ ተከትሎ ደረሰ፤ በዚያው ወሬ ተጀመረ። ማታ ሁሉንም ወደ ሮሲናንቴ ጠራቸው። በጠባቧ ክፍል ተጠጋግተው ተቀመጡ፣ ኮኛክ ቀዳላቸው፤ ለሁሉም የሚበቃ ብርጭቆ ስላልነበር በተገኘው ዕቃ ሁሉ ተጠጣ።

የዚያን ምሽት ስለ ኬኔዲና ስለ ኒክሰን ክርክር አልተነሳም። እኔ ግን ስለዚህ ጉዞ ከጻፈው መጽሐፍ ውስጥ እውነተኛ የፖለቲካ ጨዋታ የምለው ይህን ነው። አንድ ሀብታም አገር የራሱን ድንች ለማንሳት ለምን የጎረቤት አገር እጅ እንደሚፈልግ፣ ቤተሰብ ሙሉ በመከር ወቅት ድንበር ተሻግሮ ሲሠራ ሕይወቱ ምን እንደሚመስል የሚታየው እንዲህ ካለ ማዕድ ላይ ነው። «ማንን ትመርጣላችሁ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ምን ይጨምራል? የሰውን ፖለቲካ ማወቅ የፈለገ ስለ እጁ ሥራና ስለ ገበያው ይጠይቀው። የቤት ኪራዩን፣ የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የልጁን ትምህርት ቤት ይጠይቀው። ሰው ስለ ኑሮው ሲናገር ማን እንደበደለውና ማን እንደረዳው ሳይጠሩት ይመጣል።

ስታይንቤክ ጨዋታውን ወደ ምርጫው ሲመልሰው ግን ሰዎች ይቆጠባሉ። ኒው ሃምፕሻየር ተራሮች ውስጥ አንድ ገበሬ መሬቱ ላይ እንዲያድር ፈቀደለትና አብረው ቡና ጠጡ። ያን ሰሞን የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ኒኪታ ክሩስቾቭ ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ይናገር ስለነበር ወሬው ከዚያ ተነሳ። ስለ ምርጫውም ተጠየቀ። ገበሬው አያቱ ሁሉን ነገር በእርግጠኝነት ያውቁ እንደነበር፣ እሱ ግን አቋሙን የሚያቆምበት አንድም እርግጠኛ ነገር እንዳጣ ነገረው። ሚኒሶታ ላይ ደግሞ አንድ ባለ ሱቅ፣ ሰው ስለ ምርጫው አይከራከርም፣ ሲናደድ የሚያማርረው ሩሲያውያንን ነው ብሎ አጫወተው። በዚያ ሰፈር ሩሲያዊ አይቶ የሚያውቅ የለም። ከጎረቤቱ መጣላት ያልፈለገ ሰው ሁሉ ንዴቱን ባላየው ጠላት ላይ ይወጣል ማለት ነው።

ሞንተሬይ፣ የትውልድ አካባቢው፣ ሲደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። እህቶቹ የሪፐብሊካን ፓርቲ ደጋፊዎች ናቸው፤ እሱ ዴሞክራት። ምሽቱ በክርክር ያልቃል፣ ክርክሩ ወደ ጩኸት ያድጋል፣ በበር ያለፈ ሰው ቢሰማ ደም ሊፋሰሱ ነው ይል ነበር። እነዚህ ወንድምና እህቶች ይዋደዳሉ። ከሺህ ማይሎች ርቆ ሲናፍቃቸው ኖሯል። ሆኖም ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ጥሩ አድማጭ የነበረው ሰውዬ እናቱ ልጆች ፊት ለማሸነፍ ይጮኻል።

እኔ የማምንበት ምክንያት አለ። ከማላውቀው ሰው ጋር ሳወራ እሱን የመለወጥ ኃላፊነት የለብኝም። ወንድሜ የተሳሳተ ሲመስለኝ ግን የቤታችን ስም፣ ያደግንበት ማዕድ፣ የእናታችን ምክር ሁሉ አብሮ የተሳሳተ ይመስለኛል። ስለዚህ አልሰማውም፤ ልመልሰው እታገላለሁ። ቤተሰብ ተሰብስቦ ፖለቲካ ሲነሳ ጠረጴዛው የሚናወጠው በጥላቻ አይደለም፣ በመዛመድ ነው። እርስዎም ቤት ይህ ደርሶ ያውቅ ይሆናል፤ በቅርብ ዓመታት በብዙ ቤት ደርሷል፤ እዚህ አዲስ አበባም፣ እዚያ ቨርጂኒያና ሜሪላንድም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን ድምፅ ተሰጠ። ከ68 ሚሊዮን በላይ ሰው መርጦ ኬኔዲ በሕዝብ ድምፅ ያሸነፈበት ልዩነት 120 ሺህ እንኳ አልሞላም። ለእንግዳ ትንፍሽ ያላለው አገር ልቡ እኩል ለሁለት ተከፍሎ ነበር ማለት ነው። ዝምታው የስምምነት ዝምታ አልነበረም። ከምርጫው ስድስት ቀን በኋላ ደግሞ ኒው ኦርሊንስ ላይ ዝምታው ፈነዳ።

የዚያን ዕለት ሩቢ ብሪጅስ የምትባል የስድስት ዓመት ጥቁር ልጅ፣ ዊልያም ፍራንትዝ ወደሚባል ነጮች ብቻ ይማሩበት ወደነበረ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በፌዴራል ማርሻሎች ታጅባ ገባች። ነጭ ወላጆች ልጆቻቸውን አስወጡ። ባርባራ ሄንሪ የምትባል አንዲት መምህርት ብቻ ልታስተምራት ፈቅዳ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ተማሩ። በየማለዳው ከትምህርት ቤቱ በር ላይ የሚሰበሰቡ ሴቶች ነበሩ፤ ሥራቸው ልጅቷ ስትገባና ስትወጣ መሳደብ ነው። ሰውም እነሱን ለማየት ይሰበሰባል፣ ያጨበጭባል።

ስታይንቤክ ቴክሳስን አቋርጦ ወደዚያ የሄደው ይህን በዓይኑ ለማየት ነው። መኪናውን ይዞ አልቀረበም። የኒው ዮርክ ታርጋ ያን ሰሞን በዚያ ከተማ ጠብ ይጠራል፤ የሰሜን ሰው ሊያነሳሳብን መጣ ይባላል። ስለዚህ ሮሲናንቴንና ቻርሊን ራቅ ያለ ፓርኪንግ ትቶ በታክሲ ሄደ። የታክሲው ሾፌር ሳይጠየቅ ፖለቲካውን ዘረገፈለት፤ ነገሩን ሁሉ የቆሰቆሱት ከኒው ዮርክ የሚመጡ አይሁዶች ናቸው አለው። ሚኒሶታ ላይ ሩሲያውያን ነበሩ፣ እዚህ አይሁዶች ሆኑ። የራስን ደጅ ጥፋት ከሩቅ ለመጣ ሰው ማሸከም የትም የተለመደ ነገር ነው።

እዚያ የሰማው ስድብ ጋዜጦች ያላተሙት፣ ቴሌቪዥንም ያላሰማው ነበር። ስታይንቤክ በረቂቁ ላይ እንዳለ ጽፎት ነበር፤ ታትሞ በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ግን ቃላቱ የሉም። እናቶች የሌላ እናት ልጅ ላይ እንደዚያ ሲጮኹ፣ ለካሜራ እየተዘጋጁ፣ በጭብጨባ እየተሟሟቁ ሲሳደቡ ማየት አሳመመው። መጽሐፉ እስከዚያ ድረስ ለዛ ያለው የመንገድ ወግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ለመጫወት አቅም ያጣል፣ መንገዱ እንዲያልቅለት ብቻ ይቸኩላል።

ከከተማው ሲወጣ መንገድ ላይ ሰዎችን አሳፈረ። አንዱ በዕድሜ የገፋ ጥቁር ሰው ነበር። ስታይንቤክ በቀና ልብ ስለ ሁኔታው ጠየቀው። ሰውየው በአጭር በአጭሩ መለሰ፣ ተሸማቀቀ፣ ጥቂት ሄዶም «እዚህ አውርደኝ» አለ። በእግሩ መሄድ መረጠ። ሌላው ነጭ ነበር፤ በሴቶቹ ሥራ የሚኮራ። እሱን ስታይንቤክ ራሱ በንዴት ከመኪናው አስወረደው። ሌላው ደግሞ ጥቁር ተማሪ ነበር፤ ለውጡ ዘገየብኝ ብሎ የተቆጣ፣ ሳይፈራ የተከራከረ።

በዚህ ሁሉ ጉዞ ውስጥ ልቤን የሚይዘው ያ በእግሩ መሄድ የመረጠው ሽማግሌ ነው። ጠያቂው ክፉ ሰው አልነበረም። ጥያቄውም ክፉ አልነበረም። ግን ጠያቂው ነገ ይሄዳል፤ ተጠያቂው እዚያው ይቀራል። ታርጋው የሩቅ የሆነ፣ ቤቱን በጀርባው የተሸከመ መንገደኛ የሰማውን ይዞ ማለዳ ይነሳል። መልስ የሰጠው ሰው ግን ያንኑ ሱቅ፣ ያንኑ ሸሪፍ፣ ያንኑ አሠሪ ይዞ ያድራል። ነጭ ሰው በአደባባይ መንገድ ላይ አሳፍሮት ስለ ዘር ጉዳይ ሲጠይቀው ሽማግሌው የታየው ይህ ነው። ስታይንቤክም ጥያቄው ራሱ ለሰውየው አደጋ እንደሆነ ገብቶታል። ከማያውቁት ሰው ጋር ፖለቲካ ማውራት የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ያስብ እላለሁ፤ ጥያቄዬ ይህን ሰው ከሄድኩ በኋላ ምን ያስከፍለዋል?

እንዲያውም ያ የብቻ ጉዞ ራሱ ለሁሉ የተፈቀደ አልነበረም። ስታይንቤክ በፈለገበት ወንዝ ዳር መኪናውን አቁሞ ያድር በነበረበት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ መንገደኛ የሚያሳድረውን ቤት፣ የሚያበላውን ምግብ ቤት፣ ነዳጅ የሚቀዳለትን ሰው በመጽሐፍ እየፈለገ ነበር የሚሄደው። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የተባለ የሃርለም ፖስተኛ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ «ግሪን ቡክ» የተባለውን መምሪያ ያሳትም ነበር፤ በየከተማው ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድና ሳይደበደብ የሚያርፍበትን ቦታ ይዘረዝራል። ግሪን በ1960 ካረፈ በኋላም ሕትመቱ እስከ ስልሳዎቹ አጋማሽ ቀጥሏል። በሕዝብ መስተንግዶ ቦታዎች የዘር ልዩነት በሕግ የተከለከለው በ1964 ነው። እንግዲህ «መንገድ ላይ ነፃነት አለ» ስንል የማን ነፃነት እንደሆነ አብረን እንጠይቅ።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ አገር ቤት ይሄዳል፤ ዘመኑም አንድ ነው። ስታይንቤክ ከጉዞው በተመለሰበት ሰሞን፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በነበሩበት፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ አዲስ አበባ ላይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሱ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ሙከራው በቀናት ውስጥ በደም ተደመደመ። በዚያ ዓመት መስከረም አንድ የውጭ መንገደኛ ካምፐሩን እየነዳ መጥቶ የአዲስ አበባን ሰው ስለ መንግሥት ቢጠይቀው ምን ይሰማ ነበር? ጆሮ ጠቢ በሚፈራበት ከተማ ሁሉም «ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይለው ነበር። እሱም «ሕዝቡ ረክቷል» ብሎ ጽፎ ይሄድ ነበር።

ዛሬስ? በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ «አገርህ የት ነው?» ብሎ ነው። ድሮ ይህ ጥያቄ የዝምድና መፈለጊያ ነበር፤ «እገሌን ታውቀዋለህ?» ለማለት መንደርደሪያ። አሁን አሁን ብዙዎቻችን መልሱን ሰምተን ነው ምን እንደምንናገርና ምን እንደምንውጥ የምንወስነው። ሰውየው የተናገረው የከተማ ስም ብቻ ነው፤ እኛ ግን ፓርቲውን፣ ቂሙንና ተስፋውን ሁሉ ያወቅን መስሎን እንዘጋለን። በጣም ያሳዝነኛል። ስምንት ሰዓት ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን ተጉዘን፣ እንጀራ ተካፍለን፣ በልባችን ስላለው ነገር አንዲት ቃል ሳንለዋወጥ መናኸሪያ ላይ እንለያያለን።

ወደ ስታይንቤክ ልመለስ፤ ያልነገርኩዎት አለ። መጽሐፉ «ትራቭልስ ዊዝ ቻርሊ» ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1962 ወጣ፣ በዚያው ዓመት ደራሲው የኖቤል ሽልማት አገኘ፣ መጽሐፉም ለሃምሳ ዓመት ያህል እንደ እውነተኛ የጉዞ ዘገባ ተነበበ። ከዚያ ቢል ስታይገርዋልድ የተባለ ጋዜጠኛ በ2010 ያንኑ መንገድ ተከትሎ ሄደ፣ ደብዳቤዎችንና ረቂቁን መረመረ። ደራሲው ብዙ ሌሊት ያደረው ካምፐሩ ውስጥ ሳይሆን ሞቴልና ሆቴል እንደሆነ፣ ከጉዞውም ረጅሙን ክፍል ሚስቱ አብራው እንደነበረች አረጋገጠ። አንዳንዶቹን ጨዋታዎች ደራሲው ራሱ ሳይፈጥራቸው አይቀርም ሲል ደመደመ። በ2012 በወጣው እትም መግቢያ ላይ የስታይንቤክን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ጄይ ፓሪኒ መጽሐፉን ቃል በቃል እንደ እውነት መውሰድ እንደማይገባ ለአንባቢ አስታውቋል።

ይህ ጥፋት ትንሽ አይደለም። «አንድ ገበሬ እንዲህ አለኝ» የሚል ጸሐፊ አንባቢውን የሚያሳምነው ገበሬው በእውነት ስላለው ነው። የራሱን ፖለቲካ በማያውቁት ሰው አፍ ካናገረ የገበሬውን ድምፅ ወሰደበት ማለት ነው። እኛም ዘንድ «የታክሲው ሾፌር ነገረኝ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ብዙ ነው፤ ሾፌሩም እንደ ጸሐፊው አጥርቶ ይናገራል። እኔ ለማንበቢያ የያዝኩት መለኪያ ይህ ነው፦ ሰውየው አሳምሮ ሲናገር እጠረጥራለሁ፣ ሲያመነታና ሲዘጋ አምናለሁ። የሚኒሶታው ባለ ሱቅ ትንሽ አብዝቶ አዋቂ ነው፤ በእግሩ መሄድ የመረጠው ሽማግሌ ግን ዝምታው እውነት ይመስለኛል። የኒው ኦርሊንሱ የማለዳ ጩኸት ደግሞ ብዙ ጋዜጠኞች ያዩት፣ ካሜራ የቀረጸው፣ ሩቢ ብሪጅስ ራሷ አድጋ ደጋግማ የተናገረችው ነው። ሮሲናንቴ ዛሬ በደራሲው የትውልድ ከተማ፣ ካሊፎርኒያ ሳሊናስ ባለው የስታይንቤክ ማዕከል ውስጥ ቆማ ትታያለች።

በካምፐር መኖር በአሜሪካ አሁን ከዚያን ጊዜ ይልቅ በዝቷል። በምዕራቡ በኩል ባሉ ብዙ የመንግሥት መሬቶች ላይ እስከ 14 ቀን ድረስ ያለ ክፍያ ማደር ይፈቀዳል፤ አንዳንድ ትላልቅ መደብሮችም መንገደኛ መኪና ማቆሚያቸው ውስጥ እንዲያድር ይፈቅዳሉ። በዚያ አገር ብርዱ ሲገባ አሪዞና በረሃ ኳርትዝሳይት በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያ ካምፐር አሸዋውን ይሞላዋል። ጡረታ ወጥተው ለደስታ የሚዞሩ አሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የቤት ኪራይ አቅቷቸው መኪና ውስጥ የገቡም አሉ። ጄሲካ ብሩደር የተባለች ጋዜጠኛ እነዚህን ሰዎች ለረጅም ጊዜ ተከትላ «ኖማድላንድ» የተባለውን መጽሐፍ በ2017 አሳትማለች። ስለ ኑሯቸው ነው የጠየቀቻቸው፤ ቸኩላ አልጠየቀችም፣ እሷም በቫን እየኖረች አብራቸው ከርማለች። ለዚህ ይመስለኛል ሰዎቹ የተናገሩላት።

ከዚህ ሁሉ መንገደኛ መሃል የእኛም ልጆች አሉ። በአሜሪካ ትልልቅ የጭነት መኪና የሚነዱ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ከአንዱ ባሕር ጫፍ እስከ ሌላው ይነዳሉ፣ ከመቀመጫቸው ጀርባ ባለች አልጋ ላይ ያድራሉ፣ የጭነት መኪና ማረፊያ ላይ ቡና ሲቀዱ ከቴክሳሱም ከኦሃዮውም ሰው ጋር ይገናኛሉ። ስታይንቤክ በአንድ መከር ያየውን መንገድ እነሱ በዓመት ስንት ጊዜ ይመላለሱበታል። ከንግግር ዘዬአቸው የሩቅ ሰው መሆናቸው ስለሚታወቅ ደግሞ አንዳንዱ ለጎረቤቱ የማይናገረውን ለእነሱ ይናገራል፤ አንዳንዱም ለማንም የማይለውን ክፉ ቃል ለእነሱ ይላል። ሁለቱንም ሰምተዋል።

እዚህም አሉን። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ከሞጆ ተነስቶ በአዋሽ፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሰመራ አድርጎ ጋላፊን ሲሻገር ስንት ዓይነት ሰው ያናግራል። ጋቢናው ቤቱ ነው፤ ይተኛበታል፣ ሻይ ያፈላበታል፣ ረዳቱንና የመንገድ ወዳጁን ያጫውትበታል። መንገድ ሲዘጋ በስንት ቀን እንደሚከፈት፣ ኬላ ላይ ማን ምን እንደሚጠይቅ፣ ናፍጣ ሲጠፋ ገበያው ምን እንደሚሆን ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ሁሉ የአገር ፖለቲካ ነው፤ በሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ሲነገር አድሮ ጠዋት ሞተር ሲነሳ ይበተናል።

እናንተ የመንገድ ሰዎች፣ እዚያም እዚህም ያላችሁ፣ ጻፉልን። ደብተር ጋቢና ውስጥ አስቀምጡ። የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ጻፉ፤ አታሳምሩት፣ ያላለውን አታስብሉት። የሰውየውን ስምና መንደር ግን ተዉት፤ እሱ እዚያው ነው የሚኖረው።